ለ12ኛ ክፍል ፈተና በ9ኛ ክፍል መጽሐፍ ጀምሩ

ክረምት ላይ አንድ አባት ከደምበጫ ገጠር መጥተው «መምህር፣ በሬውን ሸጬ ልጄን ባሕር ዳር ቱቶሪያል ላስገባው ወይ?» አሉኝ። አይሽጡ አልኳቸው።

ጭንቀታቸው ይገባኛል። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ። ተሻሽሏል፤ ግን በ2017ም ከ100 ልጅ ከ90 በላይ ቀርቷል። ስለዚህ ልጁ 12ኛ ሲገባ ቤቱ ሁሉ ይደነግጣል። ወርክሺት ይከመራል፣ ሽምደዳ ይጀመራል።

እኔ ሒሳብ አስተምራለሁ። አንዲት ጎበዝ ተማሪዬ የ12ኛ ክፍል ጥያቄ ስትሠራ አጠገቧ ተቀምጬ አየኋት። ከባዱን ነገር በትክክል ሠራች። መጨረሻ ላይ 7 − (−5) መጣ። 2 ብላ ጻፈች። መልሱ 12 ነው። የሳተችው የ12ኛውን ትምህርት አይደለም፤ በታችኛው ክፍል የተማረችውን ነው። በእኛ አካባቢ ትምህርት በተቋረጠባቸው ጊዜያት ስንቱ ልጅ ምዕራፍ እየዘለለ እንዳለፈ ሁላችንም እናውቃለን። ቱቶሪያል ይህን አይደፍንም፤ የሚያስተምረው የ12ኛውን ነውና።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። በመስከረም የ9ኛ ክፍል መጽሐፍ ተዋሱ። ልጁ በየምዕራፉ መጨረሻ ያሉትን የክለሳ ጥያቄዎች ያለማንም እርዳታ ይሥራ። የሳተውን በአንድ ደብተር ይጻፍ። ትክክለኛውን መልስ መገልበጥ አይበቃም፤ «ምልክቱን ረሳሁ»፣ «ጥያቄውን ሳልጨርስ መለስኩ» እያለ ለምን እንደሳተ ይጻፍ። ከወር በኋላ ደብተሩን ሲገልጥ ያው ሦስት አራት ስህተት እየተመላለሰ ያገኘዋል። እሱ ላይ ይሥራ። ከዚያ 10ኛን፣ ቀጥሎ 11ኛን እንዲሁ። እንግሊዝኛን ግን ለነገ አታሳድሩት፤ ፊዚክሱም ታሪኩም የሚጠየቀው በእሱ ነው።

ልጁ ከተማ ቤት ተከራይቶ የሚማር ከሆነ ቅዳሜ ስንቅ ሊወስድ ይመጣል። እባካችሁ ወላጆች፣ በሶና ድርቆሹን ቀድማችሁ አዘጋጁለትና በጊዜ ይመለስ። አጨዳ ሲደርስ አንድ ሳምንት አስቀርታችሁት እንደሆነ የዚያ ሳምንት ምዕራፍ ለብቻው ተመልሶ አይመጣም። እሑድ ከሰዓት በኋላ የድሮ ፈተና በሰዓት ይሥራ፤ ስልኩ ተዘግቶ፣ ሳያቋርጥ። አብረውት የተከራዩት ልጆች ካሉ አንዱ የገባውን ለሌላው ያስረዳ። ማስረዳት ያቃተው ቦታ፣ ያልገባው እሱ ነው።

አንድ ነገር ብዙዎች ይረሳሉ። ፈተናው አሁን በኮምፒውተርም ይሰጣል። ማውስ ነክቶ የማያውቅ ልጅ እዚያ ደርሶ እጁ ሲንቀጠቀጥ ያሳዝናል። የትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር ክፍል ካልሠራ ከተማ ኮምፒውተር ቤት ለጥቂት ሰዓት ክፈሉለት። የቱቶሪያሉን ያህል አያስወጣም።

50 ባይሞላስ? የሬሜዲያል መቁረጫ ነጥብ ካመጣ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ለወራት ተምሮ እንደገና ይፈተናል። ይህን ውጤት ከመውጣቱ በፊት ንገሩት። ዝም ካላችሁት ያለ 50 ዓለም ያለቀች ይመስለዋል።

የደምበጫው አባት በሬያቸውን ይዘው ተመለሱ። የ9ኛ ክፍል መጽሐፉን እኔ ነኝ ያዋስኳቸው።