ኪልት ለብሳችሁ ለምን በረዳችሁ?

ስኮትላንድ የምንኖር ሐበሾች አንድ ቀን ኪልት፣ ማለትም የአገሩ ወንዶች የሚለብሱትን ባለ ሽንሽን ጉርድ፣ ልበሱ መባላችን አይቀርም። የሥራ ባልደረባ ሰርግ ይሆናል፣ ወይም ባለቅኔው ሮበርት በርንስ የሚታሰብበት የጃንዋሪ 25 እራት። ሁለቱም ብርድ ላይ ሊውሉ ይችላሉ። ያኔ ሁላችንም የምንጠይቀው አንድ ነው፦ «እግሬስ?»

እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ የለበስኩት ተከራይቼ ነበር። ኤዲንብራ ውስጥ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ፎቶ እስክንነሳ ድረስ ጥርሴ ሲንገጫገጭ ቆየ። አጠገቤ የቆሙት ሽማግሌ ግን ምንም አልመሰላቸውም። የእሳቸውም ጉልበት እንደኔው ባዶ ነበር። ልዩነቱ የጨርቁና የአለባበሱ እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ነፋሱ ጨርቁን ሰንጥቆ ይገባል

ብዙዎቻችን የምንቸገረው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ምክንያቱ ከሁለት አንዱ ነው፤ ጨርቁ ስስ ነው ወይም ሱፍ አይደለም።

ታርታን የሚባለው ባለ መስመር ጨርቅ የሚለካው በአውንስ ነው፤ አንድ ያርዱ ስንት እንደሚመዝን ማለት ነው። 10 እና 11 አውንስ ቀላል ነው፣ ለበጋና ለጭፈራ ይሆናል። 13 መካከለኛ ነው። 16 ከባድ ነው፣ ለብርድ የሚሆነው እሱ ነው። እኔ ለብርድ ወራት ከ13 በታች አልመክርም። ሻጩን «ስንት አውንስ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ከሌለው ኪልቱን በእጃችሁ አንሱት። ባለ 8 ያርድ የ16 አውንስ ኪልት ወደ 2 ኪሎ ይጠጋል። እንደ ሸሚዝ ቀሎ ከተነሳ ተዉት።

ለቱሪስት የሚሸጡት ርካሽ ኪልቶች ብዙዎቹ አክሪሊክ ከሚባል ሰው ሠራሽ ክር የተሠሩ ናቸው። ሱፍ መሆኑን ለማወቅ ከውስጥ ጠርዝ አንዲት ክር መዝዛችሁ አቃጥሉ። ይህን ግን የራሳችሁ በሆነ ኪልት ላይ ብቻ አድርጉት። ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ይፈርሳል። አክሪሊክ ቀልጦ ጠጣር እንክብል ይሆናል።

ሱፍ ላይ ሙጭጭ የምለው በምክንያት ነው። ስኮትላንድ ብርዱ ብቻውን አይመጣም፣ ዝናብ ያስከትላል። ሱፍ የክብደቱን 30 በመቶ ያህል እርጥበት ይዞ እንኳ ብዙም አይረጥብባችሁም። ጋቢ በዝናብ ሲበሰብስ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። የመንዝ ሰው ከበግ ፀጉር የተሠራ በርኖስ የሚደርበው ለዚሁ ነው።

ፊቴ ደህና ነው፣ ኋላዬ ግን ይበርደኛል

የጨርቁ መጠን አንሷል። ኪልት ከፊት ሁለት ድርብ ነው። ከኋላ ደግሞ ሽንሽኑ ጨርቁን በላይ በላዩ ስለሚደርበው ሦስትና ከዚያም በላይ ይሆናል። ጋቢን የሚያሞቀው አራት ድርብ መሆኑ እንደሆነ ሁሉ፣ የኪልትም ሙቀት ከድርቡ ነው። በ4 ወይም በ5 ያርድ የተሰፋ ኪልት ዋጋው ይቀንሳል፣ ሽንሽኑም አብሮ ይቀንሳል። ለብርድ ባለ 8 ያርዱን ፈልጉ። 8 ያርድ ከ7 ሜትር በላይ ነው።

አቀማመጣችሁንም እዩ። ስትቀመጡ ሽንሽኑን በእጃችሁ ወደ ታች አስተካክሉ፣ ሴቶች ቀሚሳቸውን ሰብስበው እንደሚቀመጡት። አለበለዚያ ቀዝቃዛው አግዳሚ ወንበር ገላችሁን ያገኘዋል። ከውስጥ ምንም አይለበስም የሚለውን ወሬ እርሱት። ቀጭን የሱፍ ቁምጣ ልበሱ፣ ማንም አያይባችሁም።

ወገቤ ይበርደኛል፣ የጉልበቴ ኋላም ተላጠ

ሁለቱም ከአንድ ስህተት ይመጣሉ፤ ኪልቱን እንደ ሱሪ ዳሌ ላይ ማሰር። የኪልት ቦታው ከዚያ ከፍ ይላል፣ እምብርት አካባቢ ነው። እዚያ ሲታሰር ኩላሊት ድረስ ይሸፍናል። ወርዶ ሲታሰር ግን ወገብ ይራቆታል፣ ጠርዙም ከጉልበት በታች ይወርድና የረጠበ ሱፍ ቆዳ ይፈትጋል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ኪልት ለብሰው ምሽግ ውስጥ የነበሩ የስኮትላንድ ወታደሮች ጠርዙ ላይ የደረቀውና በረዶ የሆነው ጭቃ እግራቸውን ይቆርጣቸው ነበር።

ዘለበቶቹን ፈትታችሁ ከፍ አድርጉና እንደገና እሰሩ። ጠርዙ የጉልበት ሎሚው መሃል ላይ መድረስ አለበት። ከፍ አድርጋችሁም ከወረደ ቁመቱ የእናንተ አይደለም፣ ተከራይታችሁ ከሆነ አስቀይሩ።

ባቴና እግሬ ደነዘዘ

ካልሲው ስስ ጥጥ ነው። እኔ ብሆን ከጃኬቱ ቀንሼ ካልሲው ላይ አወጣለሁ። ወፍራም የሱፍ ካልሲ ግዙ። አፉ ታጥፎ ከጉልበት በታች ሁለት ሦስት ጣት ያህል ላይ ይቆማል። እንዳይወርድ ከእጥፋቱ ስር በላስቲክ ይታሰራል። ላስቲኩ ጠብቆ ደም እንዳይከለክል፣ መደንዘዙ ከዚያም ሊሆን ይችላል። ከስር ሌላ ቀጭን የሱፍ ካልሲ መደረብም ይረዳል። አንዳንዱ ታይት ይለብሳል፤ እኔ አልወደውም፣ ካልሲው በደንብ ከተመረጠ አያስፈልግም።

ጫማው ሌላ ነገር ነው። ከኪልት ጋር የሚከራየው ጊሊ ብሮግ የሚባለው ጫማ ምላስ የለውም፣ ክሩ ቁርጭምጭሚት ላይ ይጠመጠማል። በረዶ ላይ ከረገጣችሁበት ውሃው በቀጥታ ካልሲያችሁ ላይ ነው። መንገዱን በቦት ጫማ ሂዱ፣ ጊሊውን በከረጢት ይዛችሁ አዳራሽ ስትደርሱ ቀይሩ።

ነፋስ ይገልበኛል

ጨርቁ 16 አውንስ ከሆነ ይህ ችግር አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይጠፋል። ከፊት የሚንጠለጠለው ስፖራን የሚባለው ቦርሳም ጨርቁን ይጫነዋል። ከፊት ጠርዝ አጠገብ የሚሰካውን ትልቁን መርፌ ቁልፍ ግን የላይኛው ጨርቅ ላይ ብቻ ሰኩት። ሁለቱን ድርብ አብራችሁ ከሰካችሁ እርምጃ ስትዘረጉ ጨርቁ ይቀደዳል፤ የተከራያችሁት ከሆነ ደግሞ ትከፍሉበታላችሁ።

ሁሉን አድርጌ አሁንም ይበርደኛል

እንግዲያው ደረታችሁን እዩ። ለማታ የሚለበሰው አጭር ጃኬት ደረቱ ክፍት ነው። በእሱ ፈንታ ትዊድ ከሚባለው ወፍራም የሱፍ ጨርቅ የተሰፋ ጃኬት ከነሰደርያው ጠይቁ፣ ከሸሚዙ ስርም ቀጭን የሱፍ ካናቴራ ጨምሩ። ውጭ ስትቆሙ ረዥም ካፖርት ደርቡ። እኔ አሁን ለፎቶ ብቻ ነው የማወልቀው።