መድረክ ላይ ላፕቶፑ ሲያምፅ፦ በቪኤስቲ ለሚጫወቱ ኪቦርዲስቶች ችግርና መፍትሄ

ቤት ውስጥ አንድም ቀን ያላስቸገረ ላፕቶፕ ሙሽሮች ሊገቡ ሲሉ ያምፃል። ሰርግና ክለብ ላይ ከኪቦርድ ጋር ላፕቶፕ ይዤ መዞር ከጀመርኩ ወዲህ የገጠሙኝን ችግሮች ከምልክታቸው ተነስቼ ላስቀምጣቸው። ቪኤስቲ የምንለው ላፕቶፕ ውስጥ ተጭኖ በኪቦርድ የምንጫወተውን የመሣሪያ ድምፅ ነው። የምትከፍቱበት ፕሮግራም ኤብልተን ላይቭም ይሁን ካንታቢሌ፣ በሽታው ያው ነው።

ድምፁ ይንጫጫል፣ ይቆራረጣል

በአንድ ጣት ስትሞክሩት ደህና ነው። ሁለት እጅ ሲወርድ፣ ፔዳል ሲረገጥና ከሥሩ ስትሪንግ ሲደረብ ግን «ጭር ጭር» ይላል።

ኮምፒውተር ድምፅን እንደ ቧንቧ አያፈስም፤ በጀሪካን እየሞላ ነው የሚያቀብለው። የጀሪካኑ መጠን በፈር ይባላል። የፊተኛው ተደፍቶ ሳያልቅ ቀጣዩ ካልሞላ መሃል ላይ ባዶ ይፈጠራል፤ የምንሰማው ጭርታ ያ ባዶ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ በፈሩን ከፍ አድርጉ። ሳምፕል ሬቱ (በሰከንድ የሚቆጠረው የድምፅ ናሙና ብዛት) 44,100 ከሆነ 128 በፈር ወደ 2.9 ሚሊሰከንድ፣ 256 ወደ 5.8፣ 512 ደግሞ ወደ 11.6 ሚሊሰከንድ ያዘገያል። ሳውንድ ካርዱ (ድምፁን ከላፕቶፑ የሚያወጣው ዕቃ) ከራሱ ትንሽ ይጨምርበታል። እኔ መድረክ ላይ ከ256 አልወርድም። «የኔ በ64 ይሠራል» የሚል ጓደኛ አይጠፋም፤ እሱ ግን ብዙውን ጊዜ የሚያወራው ስለ መኝታ ቤቱ ነው።

መዘግየቱ የሚያሳስባችሁ ከሆነ አንድ ነገር አስቡ፦ ድምፅ በአየር ላይ አንድ ሜትር ለመሄድ 3 ሚሊሰከንድ ገደማ ይወስድበታል። ራሳችሁን የምትሰሙበትን ሞኒተር ስፒከር አንድ ሜትር ወደ ራሳችሁ ስታስጠጉ፣ በፈሩን ከ128 ወደ 256 በማሳደግ ያጣችሁትን መልሳችሁ አገኛችሁ ማለት ነው።

512 ላይም ከተንጫጫ ጥፋቱ የበፈሩ አይደለም። ዊንዶውስ ላይ ዋነኛው ተጠርጣሪ የዋይፋይና የብሉቱዝ ድራይቨር (ዕቃውን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባው ሶፍትዌር) ነው፤ ሁለቱንም አጥፉና ሞክሩ። ላተንሲሞን የሚባለው ፕሮግራም የትኛው ድራይቨር ኮምፒውተሩን እንደሚይዘው ይነግራችኋል፤ ቤት ሳላችሁ ፈትሹት። የፓወር ፕላኑን ሃይ ፐርፎርማንስ ላይ አድርጉ። ከሰዓት በኋላ ድንኳን ውስጥ ከሆናችሁ ላፕቶፑን ጨርቅ ላይ አታስቀምጡ፤ ፕሮሰሰሩ ሲግል ራሱን ለማትረፍ ፍጥነቱን ይቀንሳል።

የተቀረው ሸክም ከመረጣችሁት ድምፅ የሚመጣ ነው። ትልልቆቹ የፒያኖ ሳምፕሎች በሁለትና በሦስት ማይክ የተቀረጹ ናቸው። የቅርቡን ማይክ ብቻ ትታችሁ ሌላውን ዝጉ፤ ከበሮና እልልታ ባለበት ቦታ ልዩነቱን የሚሰማ የለም። ሪቨርቡንም (የማስተጋባቱን ውጤት) አውጡት፤ ሳውንድማኑ ሚክሰሩ ላይ የራሱን መጨመሩ አይቀርም።

ጣት ወርዶ ድምፁ ኋላ ይመጣል

በፈሩ ትንሽ ሆኖም ከዘገየ፣ ዊንዶውስ ላይ የተመረጠው የሳውንድ ካርዱ አሲዮ የሚባለው ፈጣን የድምፅ ድራይቨር ሳይሆን የኮምፒውተሩ መደበኛ ድራይቨር ነው። ቀይሩት። በብሉቱዝ ስፒከር ወይም ኢርፎን ለመጫወት ግን አታስቡ፤ የሱ መዘግየት በሴቲንግ አይድንም።

ኖታው ተጣብቆ ይቀራል

ይሄኛው አገር ቤት የበዛበት ምክንያት አለው። ዘፋኙ ዘወር ብሎ «ትንሽ ከፍ በልልኝ» ይላል፤ እኛም አንድ እጃችን ኮርድ እንደያዘ በሌላው ትራንስፖዝ (ቃናውን በግማሽ ድምፅ ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን) እንነካለን። ቁልፉ ሲወርድ «ሲን (C) ጀምር» የሚል የሚዲ መልእክት፣ ማለትም ኪቦርዱ ለኮምፒውተሩ የሚልከው ትእዛዝ፣ ሄዷል። ሁለት ግማሽ ድምፅ ከፍ ካላችሁ በኋላ ጣታችሁን ስታነሱ አንዳንድ ኪቦርዶች የሚልኩት «ዲን (D) አቁም» የሚለውን ነው። «ሲ»ን ያቆመው ስለሌለ ሲያለቅስ ያመሻል።

እጅንም እግርንም አንስቶ ትራንስፖዝ መንካት ነው መድኃኒቱ። ለድንገቱ አንድ የማትጠቀሙበትን ቁልፍ ፓኒክ አድርጉት፤ ኖታን ሁሉ የሚያቆመው የሚዲ ኮንትሮል ቁጥር 123፣ ድምፅን ወዲያው የሚቆርጠው ደግሞ 120 ነው። ፔዳል ረግጣችሁ ወደ ሌላ ድምፅ ስትቀይሩም ተመሳሳይ ነገር ሊደርስ ይችላል፦ «ፔዳል ተነሳ» የሚለው መልእክት ለአዲሱ ድምፅ ደርሶ አሮጌው እንደተረገጠ ይቀራል።

ፔዳሉ ሲረገጥ ቆሞ ሲለቀቅ የሚይዝ ከሆነ ደግሞ ተገልብጧል። ብዙ ኪቦርዶች የፔዳሉን ዓይነት የሚለዩት ሲበሩ ስለሆነ አጥፉት፣ ፔዳሉን ሰኩ፣ ሳትረግጡ አብሩት።

ቃናው ከባንዱ ጋር አይገጥምም

ልዩነቱ ከግማሽ ድምፅ በላይ፣ ከሙሉ ድምፅ በታች ከሆነና ትራንስፖዝ ካላስተካከለው፣ ፕሮግራሙ በ44,100 እየሠራ ካርዱ በ48,000 እየሄደ ነው። ሁለቱን አንድ ዓይነት አድርጉ። ብዙ ጊዜ ካርዱን የቀየረው ሌላ የተከፈተ ፕሮግራም ነው።

ልዩነቱ ጥቂት ሆኖ ጆሮ የሚቆረቁር ከሆነ ግን ጥፋቱ የማንም አይደለም። ክራርና ማሲንቆ በጆሮ ነው የሚቃኙት፤ ኪቦርድ ለሚቃኝበት ለ440 ኸርዝ የገቡት ቃል የለም። ማሲንቆ ተጫዋቹን «ኪቦርዱን ስማ» ከማለት ይልቅ ማስተር ቱኒንጉን (የድምፁን ሁሉ አጠቃላይ ቃና) ጥቂት ሴንት ማንቀሳቀስ ይሻላል፤ 100 ሴንት አንድ ግማሽ ድምፅ ነው። ከዚያም በኋላ አንድ ሁለት ድምፅ ብቻ ከተጋጨ ችግሩ ቅኝቱ ውስጥ ነው። በኔ ጆሮ ጎልቶ የሚወጣው አንቺሆዬና አምባሰል ላይ ነው። በስኬል ቱኒንግ ያችን ድምፅ ለብቻዋ አስተካክሉ፣ ከክራር ተጫዋቹ ጋር ተቀምጣችሁ፣ ከዝግጅቱ በፊት። ማስተካከያው የሚያዘው በኖታው ስም መሆኑን አትርሱ፤ ቁልፍ ስትቀይሩ ሌላ ድምፅ ላይ ያርፋል።

መብራት፣ እና እምምም የሚል ድምፅ

መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪው፣ ከዩኤስቢ ኃይል የሚወስድ ሳውንድ ካርድም አብሮት ይቀጥላል። የሚሞተው በአዳፕተር የሚሠራው ኪቦርድ ነው። ጄኔሬተሩ ሲነሳ ይበራል፤ ፕሮግራሙ ግን ላያውቀው ይችላል። ከዩኤስቢ የሚሠራ ኪቦርድ ወይም ትንሽ ዩፒኤስ ይገላግላችኋል።

ቻርጀር ሲሰካ የሚመጣ እምምታ ሲነቀል ከጠፋ ምክንያቱ መሬት መስመሩ ነው። ግራውንድ ሊፍት (የኬብሉን መሬት መስመር የሚለያይ ማብሪያ) ያለው ዲአይ ቦክስ የሚባል ትንሽ ሣጥን በሳውንድ ካርዱና በሚክሰሩ መካከል አስገቡ። የቻርጀሩን የመሬት እግር የሚቆርጡ ሰዎች አይቻለሁ፤ 220 ቮልት ላይ እንዲህ አይቀለድም።

ጨርሶ ዝም ካለ

ቁልፍ ስትነኩ ፕሮግራሙ ላይ የሚዲ መብራቱ ብልጭ ይላል? ካለ፣ ድምፁ ወደ ላፕቶፑ ስፒከር ወይም በኤችዲኤምአይ ወደ ስክሪኑ ሄዷል። ካላለ፣ ኬብሉን ወይም ኪቦርዱን አስቀድሞ የያዘ ሌላ ፕሮግራም ፈልጉ። «ሳምፕል አልተገኘም» ካለ ደግሞ የውጭው ዲስክ ፊደል ተቀይሯል፤ ዲስክ ማኔጅመንት ውስጥ ገብታችሁ የድሮውን መልሱለት።

አንድ ጊዜ ከከተማ ወጣ ያለ ሰርግ ላይ ፒያኖው ላይሰንስ ለማረጋገጥ ኢንተርኔት ጠየቀኝ። ኔትወርክ የለም። በኪቦርዱ የራሱ ፒያኖ አመሸሁ፤ ከባንዱ ሰው በቀር ልብ ያለው የለም። ከዚያ ወዲህ ሁሉንም ከዋዜማው ቤት ውስጥ ዋይፋይ አጥፍቼ እከፍተዋለሁ፤ የኪቦርዱንም የራሱን አውትፑት ሚክሰሩ ላይ በሌላ ቻናል አስገብቼ ድምፁን እዘጋዋለሁ። ሳውንድማኑ ቻናል ጠበበኝ ብሎ ሲያጉረመርም «ስኮርታ ጎማ ነው» እለዋለሁ።