«ዛው» (thou፣ አንተ) እና «ዚ» (thee፣ አንተን) ሲምታቱባችሁ መጀመሪያ በአማርኛ በሉት

የዕለት ውሏችሁን በ1600 አካባቢ በነበረው እንግሊዝኛ አስመስላችሁ ስትጽፉ ቶሎ የሚበላሸው ግሱ ነው። ሰው ሁሉ ጫፉ ላይ «ኢ-ቲ-ኤች» ይለጥፍበታል፤ «እጠጣለሁ» ለማለት «አይ ድሪንኬዝ» (I drinketh) ግን ስህተት ነው።

መላው ቀላል ነው፦ ዓረፍተ ነገሩን መጀመሪያ በአማርኛ በሉት። «ትጠጣለህ» ወይም «ትጠጫለሽ» ከሆነ ግሱ «ኢ-ኤስ-ቲ» ይጨምራል፤ «ዛው ድሪንኬስት»። «ኢ-ቲ-ኤች» ለ«ይጠጣል» እና ለ«ትጠጣለች» ብቻ ነው። «እጠጣለሁ»፣ «እንጠጣለን»፣ «እነሱ ይጠጣሉ» ባዶውን ግስ ይወስዳሉ። «ቢ» (be፣ መሆን) እና «ሃቭ» (have፣ «አለኝ» የምንልበት) ከደንቡ ይወጣሉ፤ «ዛው አርት»፣ «ዛው ሃስት» ይባላል።

ተውላጠ ስሙም እንደዚሁ ነው፤ «አንተ» ዛው፣ «አንተን» ዚ፣ «ያንተ» ዛይ። «ታክሲው ጥሎህ ሄደ» ስትሉ «ጥሎህ» ላይ ያለችው «ህ» ተሳቢ ናት፤ ስለዚህ ዚ እንጂ ዛው አትሆንም።

ይህ የሚሠራው የዚያ ዘመን እንግሊዝኛም እንደኛው አንተንና እርስዎን ስለሚለይ ነው። ስለዚህ ለአለቃ ወይም ለማታውቁት ትልቅ ሰው ዛው አትበሉ፣ ንቀት ይሆናል፤ «ዩ» በሉ፣ ግሱንም ያለ ቅጥያ ተዉት። በጸሎት ግን፣ እኛ እግዚአብሔርን «አንተ» እንደምንለው ሁሉ፣ ዛው ነው።