ኮርሱን በኦንላይን ወይስ በአካል? ከመመዝገብ በፊት እንዴት እንደሚወሰን

ውሳኔው ለየኮርሱ እንጂ ለሙሉው ዲግሪ በአንዴ የሚሰጥ አይደለም። ታሪክን በኦንላይን፣ ኬሚስትሪን በአካል መውሰድ ይቻላል፤ ብዙ ጊዜም የሚያዋጣው ይኸው ነው። በሰሚስተሩ የምትወስዷቸውን ኮርሶች ጻፉና አንድ በአንድ እዩዋቸው።

1. ኦንላይኑ የቀጥታ ነው ወይስ የተቀዳ? የቀጥታው በተወሰነ ሰዓት መገኘትን ይጠይቃል። ይህን ሳያጣራ የተመዘገበ ሠራተኛ የሚተርፍለት የመንገዱ ጊዜ ብቻ ነው።

2. ሰዓታችሁን ቁጠሩ። ብዙ ተማሪ የሚወድቀው እዚህ ላይ ስለሆነ አትቸኩሉ። በተለመደው ስሌት 1 ክሬዲት ሰዓት በሳምንት 1 ሰዓት ትምህርትና 2 ሰዓት ያህል የግል ጥናት ይፈልጋል። ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ በ15 ሳምንት ሲሰጥ በሳምንት 9 ሰዓት ይወስዳል። ያው ኮርስ በ8 ሳምንት ሲታጨቅ ወደ 17 ሰዓት ይደርሳል። ኦንላይን መሆኑ ይህን አይቀንሰውም።

አሁን የሳምንቱን ሰንጠረዥ አውጡ፤ እንቅልፍን፣ ሥራን፣ ቤተሰብንና መንገድን ቀንሱ። ከተረፈው ውስጥ ቢያንስ 45 ደቂቃ ሳይቆራረጥ የሚገኘውን ብቻ ቁጠሩ። በ10 ደቂቃ ክፍተት ማስታወሻ መከለስ ይቻላል፤ ጥያቄ መሥራት ግን አይሆንም። ሰዓቱ ካልሞላ የኮርስ ቁጥር ቀንሱ።

የተቀዳ ትምህርት ትልቁ አደጋ መከመሩ ነው። ክፍል የቀረ ተማሪ መቅረቱ ይታወቃል፤ ቪዲዮ ያላየውን ግን ማንም ላይጠይቀው ይችላል። ባለ 3 ክሬዲቱ ኮርስ 3 ሳምንት ከተንከባለለ የ27 ሰዓት ዕዳ ይሆናል። ስለዚህ ለቪዲዮውም ቋሚ ቀንና ሰዓት መድቡ። ይህን ማድረግ እንደማትችሉ ከወዲሁ ካወቃችሁ በአካል ተማሩ።

3. ኮርሱ ምን እንደሚያሠራ ከኮርስ አውትላይኑ እዩ። ላቦራቶሪ፣ የሕክምና ልምምድና የቋንቋ ንግግር በአካል ይሻላሉ። ንባብና ጽሑፍ የሚበዛበት ለኦንላይን ይመቻል። ፕሮግራሚንግም እንዲሁ፤ ብዙውን ስህተት ኮምፒውተሩ ራሱ ያሳያል። በሒሳብ ግን የተሳሳተ እርምጃ ራሱን አይናገርም፤ መሠረታችሁ ደካማ ከሆነ መምህሩ ፊት ሆናችሁ ሥሩ። አሳይመንት ታርሞ በስንት ቀን እንደሚመለስም ጠይቁ።

4. ፈተናውንና መሣሪያውን አጣሩ። አንዳንድ የኦንላይን ፈተና ካሜራ፣ ብቻ የሚሆኑበት ክፍልና ልዩ ሶፍትዌር ይጠይቃል፤ ሶፍትዌሩ በስልክ ላይሠራ ይችላል። አንዳንዱ ደግሞ ፈተና ጣቢያ ድረስ ያስኬዳል። ስልክ ቪዲዮ ለማየት ይበቃ ይሆናል፤ ረጅም ጽሑፍ ለመሥራት ግን ላፕቶፕ ያስፈልጋል። ዳታም አስሉ፦ በሰከንድ 1 ሜጋቢት የሚወስድ የቀጥታ ቪዲዮ በሰዓት 450 ሜጋባይት ይበላል። በሳምንት 3 ሰዓት ከሆነ በ15 ሳምንት 20 ጊጋባይት ያልፋል።

5. ጠቅላላ ወጪውን አወዳድሩ፤ ኦንላይን ሁልጊዜ ርካሽ አይደለም። የሙያ ፈቃድ ለሚያስፈልገው ትምህርት ደግሞ ፈቃድ ሰጪው አካል የኦንላይን ኮርሱን እንደሚቀበል በጽሑፍ አረጋግጡ።

6. ኮርስ መቀየሪያውን የመጨረሻ ቀን ከሬጅስትራር ጠይቃችሁ ያዙ። እስከዚያ ቀን የ1 ሳምንት ሥራ ከተጠራቀመባችሁ ወዲያው በአካል ወደሚሰጠው ክፍል ተዛወሩ። ቀኑ ካለፈ በኋላ ማቋረጥ የከፈላችሁትን ሊያስቀርና ትራንስክሪፕት ላይ ሊመዘገብ ይችላል።