ልጆቻችንን አማርኛ ስናስተምር የምንሳሳተው

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ለልጆች አማርኛ አስተምራለሁ። ልጆቹ አያደክሙኝም። የሚያደክሙኝ ወላጆቹ ናቸው።

አለመጠበቅ። ከሁሉ የሚያናድደኝ ይሄ ነው። የስድስት ዓመቷን ልጅ «ትናንት አክስትሽ ቤት ምን በላሽ?» እላታለሁ። ዓይኗን ወደ ጣሪያው ትሰቅላለች፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ መልሱ እየመጣ ነው። እናቷ ከኋላ «ዶሮ ወጥ በይው እንጂ!» ኧረ በሕግ አምላክ! ልጅቷ እኮ ሥራ ላይ ነበረች። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያመጣ ትናንትንም አክስቷንም ይዛ «በላሽ» እስኪደርስ መጠበቅ አለባት፤ ከዚያ «በላሽ»ን ወደ «በላሁ» ቀይራ፣ ቀድሞ የመጣባትን እንግሊዝኛ ገፍታ ነው የምትመልሰው። አዋቂዎች ስንጫወት ተራ የምንቀባበለው በአማካይ በሰከንድ አንድ አምስተኛ ገደማ ነው፤ ሌላው ሳይጨርስ መልሳችንን እያሰናዳን ስለሆነ። ልጅ እዚህ ፍጥነት ላይ የሚደርሰው በዓመታት ነው። እስከዚያ በልባችሁ አምስት ቁጠሩና አፋችሁን ያዙ።

«አይናገርም፣ ስለዚህ አይሰማም» ማለት። እ.ኤ.አ. በ1998 የሕፃናት ቋንቋ ተመራማሪዎቹ እነ አን ፈርናልድ እንዳሳዩት ሁለት ሥዕል ፊቱ ቀርቦ የአንዱ ስም ሲጠራ የ24 ወር ሕፃን የቃሉ ድምፅ ሳያልቅ ዓይኑን ወደ ትክክለኛው ሥዕል ይወረውራል፤ የ15 ወሩ ቃሉ ካለቀ በኋላ ነው። ዝም ያለውን ልጃችሁን ፊቱ ላይ ስታሙት፣ እሱ እየሰማ ነው።

ታብሌት ሰጥቶ መገላገል። የሕፃናት ቋንቋ ተመራማሪዎቹ እነ ፓትሪሻ ኩል እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት ሙከራ ላይ የ9 ወር አሜሪካውያን ሕፃናት የቻይንኛ ድምፅ መለየት የተማሩት አብሯቸው ከሚጫወት ሰው ነው። ያንኑ በቪዲዮ ያዩት ምንም አልተማሩም። አያትን በስልክ አገናኙት፤ ቢያንስ እሷ መልስ ትሰጣለች።

እንግሊዝኛው ይምታታበታል ብሎ አማርኛውን ማቆም። አይምታታበትም። ይህን ጥያቄ ሁለተኛ አታምጡብኝ።

በስህተቱ መሳቅ። አንዱ ልጅ ጓደኛውን «ምጣ!» ብሎ ሲጠራው ክፍሉ ውስጥ የነበሩ አዋቂዎች በሳቅ ፈረሱ። ማንም «ምጣ» ብሎት አያውቅም እኮ! «ወጣ» «ውጣ» ከሆነ «መጣ» «ምጣ» ይሆናል ብሎ ራሱ አውጥቶት ነው። ሕጉን አግኝቶታል፤ የቀረው «ና» ብቻ ነው። እናንተ «ና» እያላችሁ ቀጥሉ፣ በራሱ ጊዜ ያስተካክለዋል። ከሳቃችሁበት ግን በሚቀጥለው ሳምንት በእንግሊዝኛ ነው የሚጠራው።

አማርኛ ለሚማሩ ፈረንጅ አባቶች፦ «ጥል» እና «ትል» አንድ የሚመስሏችሁ ጆሯችሁ ገና በሕፃንነታችሁ ለእንግሊዝኛ ስለተቃኘ ነው። በልምምድ ይሻሻላል። ብቻ መጽሐፉን ትታችሁ ልጆቻችሁ ያርሟችሁ፤ በጣም ይወዱታል።