የቡና ቁርስና የሕፃናት ጉሮሮ፦ ትንታን መከላከልና ሲደርስ መርዳት

ሕፃን ባለበት ቤት ስለ ምግብ ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳስበን ልጁ በላ ወይስ አልበላም የሚለው ነው፤ የሚበላው ነገር ለጥርሱና ለጉሮሮው የሚመጥን መሆኑ ግን እምብዛም አይታሰብም። በአገራችን ልማድ ደግሞ ለትንንሽ ልጆች ይበልጥ አስጊ የሆነው ምግብ የሚገኘው በመሶቡ ላይ ሳይሆን ከረከቦቱ አጠገብ ነው። ቆሎው፣ ፈንዲሻው፣ ለውዙ፣ ሱፉና ዳቦ ቆሎው የሚቀርቡት ልጅ በቀላሉ ሊደርስበት በሚችል ዝቅተኛ ቦታ ሲሆን፣ ትልልቆቹ ሰዎች በጨዋታ ስለሚያዙ ሕፃኑ ምን አንሥቶ ወደ አፉ እንደ ከተተ የሚከታተል አይኖርም። ይህ ጽሑፍ ከ6 ወር እስከ 4 ዓመት የሚሆናቸውን ልጆች ለሚያሳድጉ ወላጆች፣ አያቶችና ሞግዚቶች የተዘጋጀ ነው። በመጀመሪያ ምግቡን እንዴት ማስተካከል እንደሚገባ፣ ቀጥሎም ልጁ ትን ቢለው በዚያች አጭር ጊዜ ምን መደረግ እንዳለበት ያስረዳል።

ቆሎ እስከ 4 ዓመት የሚቆየው ለምንድን ነው?

የፊት ጥርስ ይቆርጣል እንጂ አይፈጭም። የመጀመሪያዎቹ መንጋጋ ጥርሶች ባብዛኛው የሚበቅሉት ልጁ ዓመት ካለፈው በኋላ ሲሆን፣ ሁለተኛዎቹ የሚወጡት ሁለት ዓመት ገደማ ወይም ከዚያ በኋላ ነው። ጥርሶቹ ከበቀሉም በኋላ ልጁ አላምጦና አድቅቆ የመዋጥ ችሎታው እስኪጠና ድረስ እስከ 4 ዓመት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ አንድ ዓመት ተኩል የሆነው ልጅ ቆሎ ሲሰጠው ፍሬውን በፊት ጥርሱ ለሁለት ይገምሰዋል፤ ግማሹም ሳይላመጥ በምራቁ ተንሸራትቶ ወደ ጉሮሮው ይወርዳል። በዚያች ቅጽበት ከሳቀ፣ ካለቀሰ ወይም ከሮጠ ወደ ውስጥ በኃይል ሲተነፍስ ፍሬውን አብሮ ይስበዋል። የአየር ቧንቧው ስፋት ከገዛ ራሱ ትንሽ ጣት ብዙም ስለማይበልጥ አንዲት ፍሬ ትበቃለች። የሚያስለውም ትንፋሽ እንደ ትልቅ ሰው ጠንካራ አይደለም።

የደረቁ ጥራጥሬዎች ሌላም መዘዝ አላቸው። ሽምብራ፣ ባቄላና በቆሎ በአየር ቧንቧ ውስጥ ሲቆዩ እርጥበት እየሳቡ ያብጣሉ፤ መጀመሪያ በከፊል ዘግቶ የነበረው ፍሬ ከሰዓታት በኋላ ሙሉ በሙሉ ሊዘጋ ይችላል። ለውዝ ደግሞ ዘይቱ የሳንባውን ውስጠኛ ሽፋን ስለሚያስቆጣ ትንሽ ስባሪ እንኳ ብርቱ ብግነት ታስከትላለች። ንፍሮ በመቀቀሉ ምክንያት አስተማማኝ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ ክብነቱና ገለባው አልተለወጠምና ለሕፃን ሳይደቆስ ሊሰጥ አይገባም። ፈንዲሻም ቢሆን ለስላሳ መስሎ ብዙዎችን ያታልላል፤ ችግሩ ያለው ሳይፈነዳ በቀረው ፍሬና ጉሮሮ ላይ በሚለጠፈው ስስ ቅርፊት ላይ ነው።

ከጥራጥሬ ሌላ ሊጠረጠር የሚገባው ማንኛውም ክብ፣ አንሸራታች ወይም ሲጨበጥ ቅርጹን እየለወጠ ቀዳዳ የሚደፍን ምግብ ነው። ሙሉ የወይን ፍሬ፣ ሙሉ ትንሽ ቲማቲም፣ በክብ በክብ የተቆረጠ ቋሊማ፣ ከረሜላና ማስቲካ ከዚህ ወገን ናቸው። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ቤተሰቦች ወይንና ቋሊማን በየዕለቱ ለልጅ ምሳ ስለሚያሲዙ ለእነርሱ ይህ ነጥብ ከቆሎው ይልቅ ሊቀርባቸው ይችላል። የጊሽጣ፣ የብርቱካን፣ የፓፓያና የሐብሐብ ፍሬ ተለቅሞ መውጣት አለበት። ሸንኮራ አገዳ ግን ምንም ያህል ቢቆራረጥ ምጣጩን መትፋት ለማይችል ልጅ አይሆንም።

ምግቡን ማስተካከል

ልጁን ከቤቱ ምግብ ማራቅ አያስፈልግም፤ የሚለወጠው ቅርጹ ነው። ጥሬ ካሮት በጣት መካከል ሲጫን እስኪፈርስ ይቀቀላል ወይም በደቃቁ ይፈቀፈቃል። ወይንና ትንሽ ቲማቲም በቁመታቸው ለአራት ይሰነጠቃሉ፤ በአግድም ለሁለት መቁረጥ ክብ ቅርጹን ስለማያጠፋው ጥቅሙ አነስተኛ ነው። ቋሊማም እንዲሁ በቁመቱ ተሰንጥቆ ከዚያ በኋላ ይደቅቃል። የጥብስ ሥጋ በጭረቱ ተቃራኒ በስሱ ይከተፋል ወይም በደንብ በስሎ በእጅ ይተለተላል፤ ዶሮና ዓሣ ሲሆን አጥንቱን በዓይን ብቻ ሳይሆን በጣት ዳስሶ ማውጣት ይገባል። የተቀቀለ እንቁላል አስኳልና ድንች ደረቅ ስለሆኑ በጥቂት ወተት፣ ሾርባ ወይም ቅቤ ይርሳሉ። ለውዝ ለመስጠት የሚፈልግ ወላጅ የለውዝ ቅቤውን ዳቦ ላይ በጣም በስሱ ይቀባዋል እንጂ በማንኪያ አያጎርስም፤ ወፍራሙ ቅባት እንደ ፍሬው ሁሉ ጉሮሮ ላይ ሊጣበቅ ይችላል።

እንጀራ ለስላሳ በመሆኑ ለሕፃን ከሚመቹ ምግቦች አንዱ ነው፤ ነገር ግን ተጠቅልሎና ተድበልብሎ ሲሰጥ በአፍ ውስጥ እንደ ሊጥ ይሆናል። ትንንሽ አድርጎ በወጥ ማራስና የመጀመሪያው ሳይዋጥ ሁለተኛውን አለማጉረስ ይበቃል። ቆሎ ለሚያምረው ልጅ በሶ ጥሩ ምትክ ነው፤ ዱቄቱ ግን በውኃ በደንብ ተበጥብጦ ይስጠው። ደረቅ በሶ በአፉ የሞላ ልጅ ዱቄቱን ወደ ሳንባው ሊስበው ይችላልና፣ ልጆች ከጣሳው እየዘገኑ የሚቅሙበት ልማድ ቢቀር መልካም ነው።

አበላሉም ከምግቡ እኩል ይመዝናል። ልጁ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ ትልቅ ሰው ፊት ለፊቱ ሆኖ እያየው ይብላ። በጀርባ የታዘለ ልጅ ብስኩት ወይም ዳቦ ይዞ ሲበላ እናቱ ፊቱን አታየውም፤ ትንታ ደግሞ ድምፅ ላይኖረው ስለሚችል መታዘሉን እንጂ መታነቁን ላታውቅ ትችላለች። በመኪና ውስጥ፣ እየሮጠ፣ ተጋድሞ ወይም እያለቀሰ የሚበላ ልጅም በተመሳሳይ አደጋ ላይ ነው። በበዓል ቀን ቄጤማ ሲጎዘጎዝ የወደቀ ቆሎና ፈንዲሻ ከሥሩ ይደበቃል፤ የሚድኸው ልጅ ግን አንድም አይስተውም። ስለዚህ እንግዳው ከሄደ በኋላ ሳይሆን ሕፃኑ መሬት ከመውረዱ በፊት ወለሉ መታየት አለበት።

በጉርሻ በኩል ትልቁ ችግር ይሉኝታ ነው። እንግዳ በፍቅር ሊያጎርሰው እጁን የዘረጋለትን ልጅ መከልከል ለብዙ እናት ይከብዳል። «ገና መንጋጋ አላወጣም፣ እኔ ላድቅቅለት» ብሎ ጉርሻውን ተቀብሎ ማሳነስ ማንንም አያስቀይምም። ታላላቅ እኅትና ወንድሞችም ለሕፃኑ ከራሳቸው እንዳያካፍሉት ደጋግሞ መንገር ያሻል፤ የሚያካፍሉት በደግነት ስለሆነ ቁጣ ሳይሆን ማስረዳት ይሠራል።

መጋትን በተመለከተ ማመቻመች የለም። የሕፃኑን አፍንጫ ይዞ ወይም ጋደም አድርጎ በመዳፍ የአብሽ ውኃ፣ ቅቤ ወይም አጥሚት ማንቆርቆር ፈሳሹን በቀጥታ ወደ ሳንባ ሊልከው ይችላል፤ ሕፃኑ የሚውጠውም ለመተንፈስ ሲታገል ነው። እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ልጁ አፉን ራሱ ሲከፍት በማንኪያ መመገብ ይገባል።

ትን ሲለው

ምግብ የጀመረ ሕፃን ቋቅ ማለቱ የተለመደ ነው። ፊቱ ይቀላል፣ ዓይኑ እንባ ያቀራል፣ ምላሱን ያወጣል፣ ድምፅ ያሰማል፤ ብዙውን ጊዜም ምግቡን ራሱ ወደ ፊት ይመልሰዋል። በጉልህ የሚያስል ልጅም አየር እያስገባ ነው። በዚህ ጊዜ ጀርባውን መደብደብ አያስፈልግም፤ ቀና አድርጎ «ሳል፣ ሳል» እያሉ ከአጠገቡ ሳይለዩ መጠበቅ ነው። የሚያስፈራው ዝምታው ነው። ሳሉ ከተዳከመ ወይም ከጠፋ፣ ማልቀስም መናገርም ካልቻለ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ከገረጣ የአየር ቧንቧው ተዘግቷልና ሳይዘገዩ የሚከተለውን ያድርጉ። ሌላ ሰው ካለ በዚያው ቅጽበት ስልክ እንዲደውል ይንገሩት።

ልጁ ከ1 ዓመት በታች ከሆነ ተቀምጠው ሕፃኑን በክንድዎ ላይ በደረቱ ያስተኙት፤ ክንድዎን በጭንዎ ላይ ያስደግፉና ጭንቅላቱ ከደረቱ ዝቅ እንዲል ያድርጉ። አገጩን በጣቶችዎ ይደግፉ፤ ጉሮሮውን ግን አይጫኑ። በሌላው እጅዎ የመዳፍ ግርጌ፣ ማለትም ከእጅ አንጓ አጠገብ ባለው ጠንካራ ክፍል፣ በሁለቱ ትከሻዎች መካከል 5 ጊዜ ጠንከር አድርገው ይምቱ። ካልወጣ ጭንቅላቱን ደግፈው በጀርባው ይገልብጡት፤ አሁንም ጭንቅላቱ ዝቅ ይበል። በደረቱ መካከል፣ ከጡቶቹ መስመር ትንሽ ዝቅ ብሎ ባለው አጥንት ላይ፣ በአንድ እጅ መዳፍ ግርጌ 5 ጊዜ ወደ ታች ይጫኑ። ቀደም ባሉት ሥልጠናዎች ይህ በሁለት ጣት ይሠራ ስለነበር በዚያ መንገድ የተማረ ሰው በሚያውቀው ከመሥራት አይቦዝን። ምግቡ እስኪወጣ ወይም ሕፃኑ ራሱን እስኪስት ድረስ 5 የጀርባ ምትና 5 የደረት ግፊት ይፈራረቃሉ።

ከ1 ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ ከኋላው ይንበርከኩ፤ አንድ እጅዎን በደረቱ ላይ አድርገው ወደ ፊት ያጎንብሱትና በተመሳሳይ ቦታ 5 ጊዜ ጀርባውን ይምቱት። ካልወጣ አንዱን እጅዎን ጨብጠው ከእምብርቱ በላይ፣ ከደረት አጥንቱ ጫፍ በታች ያሳርፉ፤ በሌላው እጅዎ ይያዙትና በአንድ ጊዜ ወደ ውስጥና ወደ ላይ 5 ጊዜ ይሳቡ። ይህ ሁለተኛው ዘዴ አሜሪካዊው ሐኪም ሄንሪ ሃይምሊክ በ1974 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ሲሆን፣ በፊልም ብቻ ያዩት ብዙ ሰዎች ለጨቅላም የሚሆን ይመስላቸዋል። ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ግን ሆዱን መጫን ጉበቱንና ሌሎች የውስጥ አካላቱን ሊጎዳ ስለሚችል ፈጽሞ አይደረግም።

ልጁ ራሱን ከሳተና ሰውነቱ ከዛለ በጀርባው ጠንካራ ወለል ላይ ያስተኙት፤ እርዳታ ይጥሩ፤ ስልኩን ድምፁ ውጭ እንዲሰማ አድርገው ከአጠገብዎ ያስቀምጡ። በደረቱ መካከል 30 ጊዜ ይጫኑ፤ ጥልቀቱ የደረቱን ሲሶ ያህል፣ ይኸውም ለጨቅላ 4 ሴንቲ ሜትር፣ ከፍ ላለው ልጅ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሁን፤ ፍጥነቱም በደቂቃ ከ100 እስከ 120። ከዚያ አፉን ከፍተው ይመልከቱ፤ ምግቡ ከታየ ብቻ ያውጡት። ጭንቅላቱን በጥቂቱ ቀና አድርገው፣ የጨቅላውን አፍና አፍንጫ በአንድነት በአፍዎ ሸፍነው፣ ከፍ ያለ ልጅ ከሆነ አፍንጫውን ይዘው፣ ደረቱ ከፍ እስኪል 2 ጊዜ እፍ ይበሉ። ደረቱ ባይነሣም ወደ ግፊቱ ይመለሱ፤ 30 እና 2 እያሉ ባለሙያ እስኪደርስ ይቀጥሉ። ብቻዎን ሆነው ስልክ በእጅዎ ከሌለ 2 ደቂቃ ያህል ከሠሩ በኋላ ሕፃኑን ይዘው እርዳታ ፍለጋ ይውጡ።

በኢትዮጵያ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ በአዲስ አበባ የእሳትና አደጋ አገልግሎት በ939 ይገኛል። በአሜሪካ 911፣ በአውሮፓ 112፣ በእስራኤል 101፣ በሳዑዲ ዓረቢያ 997፣ በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች 998 ይደወላል። ይሁን እንጂ አየር ያጣ አንጎል በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ስለሚጎዳ አምቡላንሱን ወይም ታክሲውን እየጠበቁ እጅን አጣጥፎ መቆም አይቻልም፤ ከላይ የተገለጸው እርዳታ በመንገድም ቢሆን አይቋረጥ።

በየቤቱ የሚደረጉ፣ ግን የሚጎዱ ነገሮችም አሉ። ያልታየን ምግብ በጣት ለማውጣት መሞከር ወደ ታች ይበልጥ ይወትፈዋል። ውኃ ማጠጣት ወይም «ይግፋለት» ብሎ ደረቅ ዳቦ ማጉረስ በተዘጋ ቧንቧ ላይ ሌላ ውታፍ መጨመር ነው። በእግሩ አንጠልጥሎ መነቅነቅ አንገቱን ሊጎዳው ይችላል፤ አናቱን መታ መታ ማድረግ ወይም ፊቱ ላይ እፍ ማለት ደግሞ ጊዜ ከማባከን በቀር የሚያመጣው ለውጥ የለም።

ምግቡ ወጥቶ ልጁ ደህና ቢመስልም፣ ሆዱ ተጭኖ ከነበረ ወይም ራሱን ስቶ ከነበረ በዚያው ቀን ሐኪም ሊያየው ይገባል። በተለይ ደግሞ ቆሎ ወይም ለውዝ ሲበላ ትን ብሎት፣ ካሳለ በኋላ ጸጥ ካለ፣ ፍሬው ወጥቶ ካልታየ መጠርጠር ያሻል፤ ብዙ ጊዜ ፍሬው ሰፋና ቀጥ ብሎ ወደሚወርደው የቀኝ ሳንባ ቧንቧ ገብቶ ይቀመጣል። ልጁ ለቀናት ይጫወታል፤ ከዚያ የማይተው ሳል፣ በአንድ ወገን የሚሰማ ሲር ሲር የሚል ትንፋሽና ትኩሳት ይጀምረዋል። ጤና ጣቢያ ሲወሰድ የሳንባ ምች ወይም አስም ተብሎ መድኃኒት ሊታዘዝለት ይችላል፤ ሻል ይለውና ይመለስበታል። የምግብ ፍሬ በራጅ ላይ ስለማይታይ ራጁ ንጹሕ መሆኑ ብቻውን አያረጋግጥም። በሽታውን ወደ ትክክለኛው መንገድ የሚመራው ዋናው ፍንጭ የወላጅ ቃል ነውና፣ ሐኪሙ ባይጠይቅም እንኳ ልጁ መቼና ምን ሲበላ ትን እንዳለው በግልጽ ይንገሩት። እንዲህ ያለው ፍሬ የሚወጣው በትልቅ ሆስፒታል፣ ልጁ ተኝቶ በአየር ቧንቧው በሚገባ መመልከቻ መሣሪያ ነው፤ ሪፈር ሲጻፍልዎም ሳልና ትኩሳቱን ብቻ ሳይሆን የትንታው ታሪክ መጻፉን አረጋግጠው ይሂዱ።