በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ የሚያስተምር የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለልጅዎ እንዴት ይመርጣሉ? ትምህርቱንስ እንዴት ይከታተላሉ?

በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ወላጆች ለልጆቻችን ትምህርት ቤት ስንፈልግ፣ ትምህርቱን ከፊሉን በእንግሊዝኛ ከፊሉን በስፓኒሽ የሚሰጡ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ያጋጥሙናል። ብዙዎቻችን «በቤት አማርኛ የሚናገር ልጅ ሦስተኛ ቋንቋ ሲጨመርበት ግራ አይጋባም ወይ?» ብለን እናልፋቸዋለን። እኔ ግን አማርኛ ተናጋሪ ቤተሰብ ከእነዚህ ትምህርት ቤቶች ሙሉ ጥቅም ሊያገኝ እንደሚችል አምናለሁ፤ ለዚህም ወላጁ የትምህርቱን አሰጣጥ አስቀድሞ መመርመርና በቤት አማርኛውን አጥብቆ መያዝ አለበት።

አሠራሩ አዲስ ሙከራ አይደለም። ማያሚ የሚገኘው የኮራል ዌይ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከኩባ ተሰድደው የመጡ ልጆችንና እንግሊዝኛ ተናጋሪ እኩዮቻቸውን አንድ ላይ በሁለቱ ቋንቋዎች ማስተማር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። በዲሲ የኦይስተር ትምህርት ቤት በ1971 ተከተለ፤ በ2007 ከአዳምስ ትምህርት ቤት ጋር ተዋሕዶ ዛሬ እስከ ስምንተኛ ክፍል ያስተምራል። ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ፣ በአርሊንግተን፣ የኪ ትምህርት ቤት በ1986 ጀምሯል። በዲሲ ውስጥ ባንክሮፍት፣ ፓወል፣ ማሪ ሪድና ክሊቭላንድ፣ ከቻርተሮቹም (በመንግሥት ገንዘብ፣ ግን በራሳቸው አስተዳደር ከሚሠሩት ትምህርት ቤቶች) ሙንዶ ቬርዴና ዲሲ ባይሊንጓል ይጠቀሳሉ።

ትምህርት ቤቱን ሲጎበኙ መጀመሪያ መጠየቅ ያለብዎት ሰዓቱ በሁለቱ ቋንቋዎች መካከል እንዴት እንደተከፈለ ነው። በአንዳንዱ ከመጀመሪያው ክፍል አንሥቶ ግማሽ በግማሽ ነው። በሌላው ደግሞ በመዋዕለ ሕፃናት ከመቶ ዘጠና እጁ ስፓኒሽ ሆኖ፣ እንግሊዝኛው በየዓመቱ እየጨመረ ከፍ ባሉት ክፍሎች እኩል ይደርሳል። በሁለተኛው ዓይነት ልጅዎ የእንግሊዝኛ ንባብ ዘግየት ብሎ ሊጀምር ስለሚችል፣ በአንደኛ ክፍል የጎረቤት ልጅ ከሚያነበው ጋር እያነጻጸሩ መጨነቅ አይገባም። ራንድ የተባለው የጥናት ተቋም በኦሪገን ግዛት በፖርትላንድ ከተማ በዕጣ የሁለት ቋንቋ ትምህርት የደረሳቸውንና ያልደረሳቸውን ተማሪዎች አነጻጽሮ በ2015 ይፋ ባደረገው ጥናት፣ ዕጣው የደረሳቸው ልጆች በእንግሊዝኛ ንባብ አምስተኛ ክፍል ላይ የሰባት ወር፣ ስምንተኛ ክፍል ላይ የዘጠኝ ወር ትምህርት ያህል ቀድመው መገኘታቸውን አሳይቷል። ውጤቱ የታየው ከዓመታት በኋላ መሆኑን ልብ ይበሉ፤ በሁለተኛ ክፍል አቋርጦ የሚወጣ ልጅ ድካሙን እንጂ ፍሬውን አያገኝም።

ቀጥሎ የትኛው ትምህርት በየትኛው ቋንቋ እንደሚሰጥ ይጠይቁ። ስፓኒሽ በዘፈንና በሰላምታ ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ያ የቋንቋ ክፍለ ጊዜ እንጂ የሁለት ቋንቋ ትምህርት አይደለም። በደንብ በተደራጀ ትምህርት ቤት ሒሳብ ወይም ሳይንስ ሙሉ በሙሉ በስፓኒሽ ይሰጣል፤ መምህሩም በዚያ ክፍለ ጊዜ ወደ እንግሊዝኛ አይመለስም። አንድ ነገር በተለይ ቢያዩ ደስ ይለኛል፤ የምዕራፉን ማጠቃለያ ክፍለ ጊዜ። ልጆቹ ስለ ዕፅዋት በስፓኒሽ ሲማሩ ሰንብተው፣ በመጨረሻ መምህርቷ ትልቅ ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጥፋ መሐሉን በመስመር ትከፍለዋለች። በግራ በኩል ልጆቹ የሚያውቋቸውን የስፓኒሽ ቃላት ይነግሯታል፤ በቀኝ በኩል የእንግሊዝኛ አቻቸው ይሰፍራል፤ ከዚያም የሚመሳሰሉትን ፊደላት በቀለም ያሰምሩባቸዋል። ልጁ ሥር ውሃ እንደሚስብ አንድ ጊዜ ከገባው፣ በሁለተኛው ቋንቋ የሚቀረው ስሙን ማወቅ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ወረቀት ግድግዳው ላይ ካላዩ፣ ሁለቱን ቋንቋዎች እንዴት እንደሚያገናኙ ይጠይቁ።

ስፓኒሽ የማያውቅ ወላጅ የቤት ሥራውን ሊያግዝ አይችልም የሚለው ስጋት፣ በንባብ በኩል ያን ያህል መሠረት የለውም። ፊደል በሀ ሁ ለቆጠረ ሰው የስፓኒሽ ንባብ አጀማመር እንግዳ አይሆንበትም፤ ልጆቹ ማ፣ ሜ፣ ሚ፣ ሞ፣ ሙ እያሉ ክፍለ ቃላቱን ይገጣጥማሉ። አምስቱ አናባቢዎች በእኛ ቋንቋ ያሉ ናቸው፤ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪው የሚያስቸግረው የ«ኘ» ድምፅም ለእኛ ልጆች ቀላል ነው። «ፔሮ» ረው ላልቶ ሲነበብ «ግን»፣ ጠብቆ ሲነበብ ደግሞ «ውሻ» መሆኑን፣ በቤቱ ማጥበቅና ማላላት የለመደ ልጅ ቶሎ ይለየዋል። እንግዲያው በየምሽቱ ለጥቂት ደቂቃ አጠገቡ ተቀምጠው ያስነብቡት፤ ከዚያም ያነበበውን በአማርኛ እንዲተርክልዎ ይጠይቁት። በአማርኛ መተረክ ከቻለ ገብቶታል ማለት ነው።

ሲመዘገቡ በቤት ስለሚነገር ቋንቋ የሚጠይቅ ቅጽ ይሰጥዎታል። አንዳንድ ወላጆች ልጃቸው ወደ ኋላ እንዳይቀር በመስጋት አማርኛ መናገራቸውን ሳይገልጹ ይቀራሉ፤ እባክዎ እንዲህ አያድርጉ። አማርኛ ብለው ሲሞሉ ልጁ የእንግሊዝኛ ችሎታ መለኪያ ይወስዳል፤ ካስፈለገውም በሕግ የሚገባውን ተጨማሪ ድጋፍ ያገኛል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1974 በላው እና ኒኮልስ ክርክር የሰጠው ውሳኔ፣ ትምህርት ቤቶች እንግሊዝኛ የማያውቁ ልጆችን ያለ ድጋፍ መተው እንደማይችሉ አረጋግጧል። ልጅ በመጫወቻ ሜዳ የሚግባባበትን እንግሊዝኛ በሁለት ዓመት ገደማ ይለምደዋል፤ የመማሪያ መጻሕፍቱ እንግሊዝኛ ግን ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ሊወስድ ስለሚችል፣ አፉ ተፍታቷል ተብሎ ድጋፉ እንዳይቋረጥበት ይከታተሉ።

ምዝገባውን በተመለከተ በዲሲ የተመደቡበት ሰፈር ትምህርት ቤት ከአምስት ዓመት የመዋዕለ ሕፃናት ክፍል ጀምሮ ልጅዎን የመቀበል ግዴታ አለበት፤ ለዚህም ልጁ እስከ ሴፕቴምበር 30 አምስት ዓመት ሊሞላው ይገባል። ለሦስትና ለአራት ዓመት ክፍሎች፣ ከሰፈርዎ ውጪ ላሉ ትምህርት ቤቶችና ለቻርተሮች ግን ማይ ስኩል ዲሲ በተባለው የጋራ ዕጣ ይወዳደራሉ። እስከ 12 ትምህርት ቤቶች መምረጥ ይቻላል። ቅደም ተከተሉን በትክክል በሚፈልጉት መጠን ይደርድሩ፤ ዕድል ያለው የቱ ነው ብሎ መገመት ውጤቱን አያሻሽልም። በአንዳንድ የሁለት ቋንቋ ትምህርት ቤቶች ስፓኒሽ ለሚናገሩና ለማይናገሩ ልጆች የተለያዩ መቀመጫዎች አሉ። ስፓኒሽ የማይናገር ልጅ በስፓኒሽ ተናጋሪዎቹ ስም ቢመዘገብ በችሎታ መለኪያው ላይ ቦታውን ሊያጣ ስለሚችል ጥንቃቄ ያድርጉ። ታላቅ ወንድም ወይም እኅት በትምህርት ቤቱ ውስጥ ካለ ቅድሚያ ስለሚያሰጥ ማመልከቻው ላይ መግለጽ አይርሱ።

በ2004 የወጣው የዲሲ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አስተርጓሚ ያለ ክፍያ የመጠየቅ መብት ይሰጥዎታል። ከመምህሩ ጋር ቀጠሮ ሲይዙ የአማርኛ አስተርጓሚ እንዲገኝ በዚያው ጊዜ ያሳውቁ፤ ልጁን እንዲያስተረጉም አያድርጉት፤ ስለ ራሱ ድክመት የሚነገረውን አስተካክሎ ማስተላለፍ ለሕፃን የሚከብድ ሸክም ነው። በስብሰባውም የእንግሊዝኛውን ውጤት ብቻ ሰምተው አይነሡ። ከሦስተኛ ክፍል የሚጀምረው የመንግሥት ፈተና ስፓኒሹን ስለማይለካ፣ የስፓኒሽ ንባቡ ደረጃ በምን እንደተመዘነና ካለፈው ዓመት ምን ያህል እንደተሻሻለ በጽሑፍ ይጠይቁ። ከአምስተኛ ክፍል በኋላ ወደየትኛው መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንደሚያልፍ፣ በዚያም ስፓኒሹ ይቀጥል እንደሆነ ገና ሲመዘገቡ ማጣራት ያስፈልጋል፤ ኦይስተር-አዳምስ እስከ ስምንተኛ ክፍል ስለሚዘልቅ ለዚህ መልስ አለው፤ አምስተኛ ክፍል ላይ የሚያበቁትን ግን ስለሚቀጥለው ትምህርት ቤት በስም ይጠይቋቸው።